የቤዛ ጉልበት ሲጮህ

ይህን ለመጻፍ ስነሳ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ገብቶኝ እንዳይመስላችሁ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ብዙ ነገር ሳይገባኝ ነው የኖርኩት። ግን ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም በልጄ ላይ የደረሰውን ባሰብኩ ቁጥር፣ ይኸኔ በሌላ እናት ቤትም እንዲህ ያለ ነገር እየሆነ ይሆናል እያልኩ እጨነቃለሁ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

የምንኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። እኔ የበግ ፀጉር እየፈተልኩ ባና ለሚሠሩ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ማለት ነው፣ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ ሥራው ወደ ዓለም ከተማ ስለወሰደው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ያለችን አንድ ልጅ ቤዛ ናት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ደብረ ብርሃን ያያት ሐኪም ኦቲዝም አለባት አለን። ቃሉን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ እንጂ ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም።

ቤዛ ትናገራለች፤ ብዙ ግን አትናገርም። የተባለችውን ደግሞ እንደተባለች ነው የምታደርገው። አንድ ቀን አስተማሪዋ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ብሏቸው ኖሮ፣ ፍቱ ማለቱን ረስቶት፣ እጇን እንዳጣጠፈች መንገዱን ሁሉ መጥታ በሩን በግንባሯ ስትገፋ አገኘኋት።

ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባኝ ሰውነቷ ነበር። የእግሯ ጥፍር ተነቅሎ ደም እየፈሰሳት ስትጫወት አይቻታለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ የሹራብ ክር አንገቴን ነካኝ ብላ እስኪደክማት ታለቅሳለች። ርቦኛል ብላ አታውቅም፤ በሰዓት ነው የማበላት። ሽንት ቤትም በሰዓት ነው፤ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ማታ፣ «ሂጂ» እላታለሁ፣ ትሄዳለች። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ሌሊት ፍራሹን ታርሰዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ራሷ ታወራ ነበር። «እማ፣ ጉልበቴ ይጮሃል» ትለኛለች። የመንዝ ብርድ ነው ብዬ ቫዝሊን እቀባታለሁ፣ አሻታለሁ። ስትደጋግመው ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ጉልበቷን አገላብጦ አየና፣ «እመቤቴ፣ ይቺ ልጅ ከእኔ የተሻለ ጉልበት አላት፤ እንዲያውም ብንቀያየር ደስ ይለኛል» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የማይጮኽ ጉልበት ይጮሃል የምትል ልጅ ይዤ ምን ያስቀኛል?

ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። በእኛ ሰፈር ሕፃናቱ ቅዳሴ እስኪያበቃ ምንም ሳይቀምሱ ይውሉና ይቆርባሉ። ቤዛ ክርስትና ከተነሳች ወዲህ እስከዚያን ዓመት ቆርባ አታውቅም፤ ሰው መካከል መቆም አትችልም ነበር። በዚያ ዓመት ግን እንደ ሌሎቹ ነጠላ አድርጋ፣ አፏን ሸፍና፣ ቅዳሴውን ሙሉ ቆመች። ርቦኛል፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ አላለችም። ሌሎቹ ልጆች ሲቁነጠነጡ እሷ ፍንክች አላለችም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መካከል ሆነው ያዩዋት ነበር። እሳቸው በዕድሜም በምክርም የሰፈሩ እናት ናቸው። በጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አየሻት? ይቺ ልጅ ተመርጣለች! ረሃቡን እንኳ አንስቶላታል» አሉኝ። ልጄ ስትመሰገን በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነበር። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ።

ከቁርባኑ በኋላ የንስሐ አባታችን አባ ጌታነህ ለልጆቹ እንደ ልማዳቸው ምክር ሰጡ። «ዛሬ ሥጋውን ደሙን ተቀብላችኋል። እንዳትተፉ፣ እንዳትላተሙና እንዳትደሙ፣ ከሰውነታችሁ ምንም ነገር እንዳይወጣ ተጠንቀቁ!» አሉ። ልጆቹ «እሺ አባ!» ብለው እየተሯሯጡ ወጡ። ቤዛ አልሮጠችም። አንድ እጇን አፏ ላይ፣ ሌላውን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ሄደች። ቅድስናውን አክብራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቤት ስንደርስ ዳቦና ሽሮ በላች፤ ውኃ ስሰጣት ጠጣች። ሽንት ቤት ሂጂ ስላት ሄደች። ቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ሰማሁት፤ ገባች፣ ወጣች። ማታም እንደዚሁ። ከመተኛቷ በፊት ግን ጉልበቷን በቡጢ እየመታች «ይጮሃል» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ስለቆመች ነው ብዬ ቫዝሊን ቀባኋት፤ የምትወደውን ከባዱን ባና አለበስኳት። ያ ባና ክብደቱ ያረጋጋታል።

ጠዋት ስነሳ ፍራሹ ደረቅ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቁርባኑ ነው ያደረገው ብዬ አማተብኩ። ዞር ስል ግን ባናው መሬት ላይ ተጥሏል፤ ቤዛ ደግሞ በእግሯ ጣቶች ቆማ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። ትስቃለች። ሳቁ ግን ሳቅ አይደለም፤ ፊቷ አይስቅም፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው።

«ቤዛ፣ ምን ሆንሽ?»

መመላለሷን አላቆመችም።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ሆድሽን ነው?»

«አላመመኝም። ጉልበቴ ይጮሃል። በጣም ይጮሃል።»

ሽንት ቤት ሂጂ አልኳት፤ ሄደች፣ ተመለሰች። ቁርስ ብሰጣት አልነካችውም። ግንባሯን ብነካት እንደ መሞቅ ብሏል። ጉልበቷን አየሁት፤ እብጠት የለውም፣ ቁስል የለውም። ባለቤቴ ጋ ብደውል ስልኩ አይሰራም። ወጥቼ እትዬ ዘነበችን ጠራሁ።

እትዬ ደፍ ላይ ቆመው ጥቂት አዩዋትና አማተቡ። «ገባኝ» አሉ። «ትናንት ቆረበች፤ ዛሬ ያለባት ነገር መቆሚያ አጣ። ይኸው ይስቃል፣ ይሄዳል። ተይው፣ ሊለቃት ነው! አሁኑኑ ጸበል።»

ምን ልላቸው እችላለሁ? ነገሩ ያስኬዳል። ትናንት ቅዳሴውን ሙሉ የቆመች ልጅ ዛሬ እንዲህ የምትሆነው በምን ነው? ሐኪሙ ሰይጣን ነው አላለኝም፤ አይደለምም አላለኝም፤ ኦቲዝም ነው ያለኝ። ያንን ቃል ለእትዬ ብነግራቸው «የሰይጣኑ ስም ይኼ ነው ማለት ነዋ» ነው የሚሉኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሊለቃት ነው ሲሉኝ ልቤ ተስፋ አደረገ።

ጸበሉ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። ዝናቡ ቢያቆምም ጉሙ አልተነሳም ነበር። ቤዛ በእግሯ ሄደች፤ ግን ጥቂት ትራመድና ቆማ እግሯን ታጠላልፋለች። እትዬ ዘነበች «አየሽ፣ ወደ ጸበል አልሄድ እያለ ነው» ይላሉ። እኔም አየሁ፤ አልሄድ የሚል ይመስላል።

እዚያ እንደደረስን እትዬ በጣሳ ቀድተው ሰጧት። «ጠጪ፣ የኔ ልጅ።» ጠጣች። ሁለተኛ ሰጧት፤ ጠጣች። ቤዛ ጠጪ ከተባለች ትጠጣለች፤ በቃሽ እስክትባል አታቆምም። «እንዴት ያለ መታዘዝ ነው!» ይላሉ እትዬ፣ እንደገና እየቀዱ። አጠገባችን የነበሩ ሴቶችም «ጠጪ፣ ጠጪ፣ ይውጣልሽ» እያሉ ያበረታቷታል። ውጣ፣ ውጣ ሲሉ ቤዛ ጣሳውን ለቃ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «አይወጣም! አይወጣም!» ብላ ጮኸች።

ሴቶቹ እልል አሉ። «ተናገረ! አልወጣም አለ!»

ከዚያ ቤዛ ቁጢጥ አለችና ከመሬት ድንጋይ አንስታ ጉልበቷን መምታት ጀመረች። እጇን ያዝኩት። በዚያ ብርድ ፊቷ በላብ ርሷል፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ግራ ገባኝ። መቼም ሌላ ቃል የለኝም። ልቧ ነው? ጉልበቷ ነው? መንፈስ ነው? እናቷ ሆኜ እንዴት ማወቅ አቃተኝ?

ላረጋጋት ብዬ አዘልኳት። ትልቅ ልጅ ናት፤ ከታዘለች ብዙ ጊዜዋ ነው። ነጠላዬን ሳጠብቀው ሆዷ ጀርባዬ ላይ ተደገፈ። የልጄን ሆድ ጀርባዬ ያውቀዋል፤ ከተወለደች ጀምሮ የተሸከምኩት ነው፤ ለስላሳ ነው። ይኼ ግን ድንጋይ ነበር። ከእምብርቷ በታች ዱባ የታቀፈች ይመስል ጠጥሮ ገፋኝ።

«እትዬ፣ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው።»

«ምን? ጸበል ጀምሮ ማቋረጥ? አሁን ሊለቃት ሲል?»

«ሆዷ ድንጋይ ሆኗል።»

«ጸበሉ ነዋ፤ እየሠራ ነው!»

«እመለሳለሁ እትዬ። ማርያምን እመለሳለሁ። አሁን ግን ልሂድ።»

በዕድሜዬ ሙሉ እሳቸው ያሉትን እንቢ ብዬ አላውቅም። ዳገቱን ስጀምር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። እትዬ ዘነበች ጣሳቸውን እንደያዙ እያለከለኩ ይከተሉኛል። «ብቻሽን ትወድቂያለሽ፣ ደንቆሮ» አሉኝ።

አስፋልቱ ጋ ባጃጅ አገኘን። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ቤዛ ትስቃለች፤ ያ ፊት የሌለው ሳቅ። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «ደስ ብሏታል» አለን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያስገባችን ወጣት ነርስ ነበረች። ታሪኩን ስነግራት ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። ከዚያ «ሽንት ሸንታለች?» አለችኝ።

«አዎ ሲስተር። በሰዓቱ ነው የምልካት። ትናንትም ሄዳለች፣ ዛሬም።»

ሲስተር ቤዛን አልጋ ላይ አስተኝታ ሆዷን ቀስ ብላ ጫን አለችው። ቤዛ ከት ብላ ሳቀች። «ያማል?» «አያምም።» እንደገና ጫን አለችው፤ ቤዛ እንደገና ሳቀች፤ እንባዋ ግን በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። ሲስተር እጇን አነሳች። «የሽንት ፊኛዋ ሞልቶ እስከ እምብርቷ ደርሷል» አለችኝ። «ይቺ ልጅ ብዙ ሰዓት አልሸናችም።»

«በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ እኮ!»

ሲስተር ወደ ቤዛ ጎንበስ አለች። «ቤዛዬ፣ ሽንት ቤት ገብተሽ ምን አደረግሽ?»

«ቆምኩ።»

«ከዚያስ?»

«ወጣሁ። አባ ከሰውነታችሁ ምንም እንዳይወጣ ብለዋል።»

እትዬ ዘነበች በያዙት ጣሳ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ። እኔ እየለመንኩ፣ ሲስተር እያግባባች፣ እትዬ እየማሉ፣ ሽንት እንደሚፈቀድ ልናሳምናት ሞከርን። «አባ ናቸው የከለከሉት» አለች። በቃ። ሲስተር ቀጭን ቱቦ አዘጋጀች፤ ካልሆነ በዚያ እናወጣዋለን፣ መቆየት አይቻልም፣ ኩላሊቷን ይጎዳል አለችኝ። እኔ ግን ልጄን አውቃለሁ፤ የሹራብ ክር የሚያስለቅሳትን ልጅ እንዴት አድርገን ልንይዛት ነው?

«ስልካቸው የለሽም?» አለችኝ ሲስተር በድንገት።

«የማን?»

«የቄሱ!»

ደወልኩ። አባ ጌታነህ «ቅዳሴ ልገባ ነው፣ ፈጥነሽ ተናገሪ» አሉ። እያፈርኩ ነገርኳቸው። ከዚያ «እኔ?» አሉ። «እኔ ምራቅና ደም ማለቴ ነው እኮ! ኧረ በስመአብ! ልጅቷን ስጪኝ።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አቀረብኩላት።

«ቤዛ፣ ልጄ፣ አባ ጌታነህ ነኝ።»

ቤዛ ስልኩን ትክ ብላ አየችው። «አይደሉም» አለችኝ። «አባ እንዲህ አይደለም ድምፃቸው።»

«አባ፣ አላመነችም» አልኩ። እሳቸውም በስልኩ ውስጥ የቅዳሴ ዜማቸውን ለቀቁት። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንገቱን አስገብቶ አየን። የቤዛ ፊት በራ። «ናቸው!»

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉ አባ። «ሽንት አልከለከልኩም። ትናንትም ይፈቀዳል፣ ዛሬም ይፈቀዳል፣ ሁልጊዜም ይፈቀዳል። አሁኑኑ ሂጂና ሽኚ።»

«ምራቅስ?»

«ምራቅ... የትናንቱ አልፏል፤ ዛሬ ተፈቅዷል።»

ቤዛ ዞር ብላ ሲስተር ጫማ አጠገብ እንትፍ አለች። ሲስተር ሳቋን መያዝ አቃታት።

እዚያው ፖፖ ቀረበላትና ተቀመጠች። አበቃ፣ ተገላገልን ብዬ ነበር። ምንም አልወጣም። ጠበቅን። ምንም።

«ሽኚ የኔ እናት» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሽንትሽን ነዋ።»

«ሽንት የለም» አለችኝ። እየዋሸች አልነበረም፤ ቤዛ መዋሸት አታውቅም። ያ ሁሉ ድንጋይ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ እሷ የለም ትላለች። «ጉልበቴ ነው የሚጮኸው» አለች፣ እንደገና ልትመታው እጇን እያነሳች።

ሲስተር ቱቦውን አስቀመጠችና «ምን አለች?» አለችኝ። «ጉልበቴ ይጮሃል የምትለው መቼ መቼ ነው?»

ያኔ እንደ ጎርፍ መጣብኝ። ባጃጅ ውስጥ ብዙ ስንቆይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ፍራሹን የምታርስበት ማታ። ወጌሻው ዘንድ የሄድን ቀን እንኳ ወረፋ ስንጠብቅ ቆይተን ነበር። አልቅሼ ይሁን ጮኼ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። የማስታውሰው መሬት ላይ ተንበርክኬ ሁለቱን ጉልበቶቿን በመዳፌ እንደያዝኳቸው ነው።

«ቤዛ፣ ጉልበትሽ የሚጮኸው ሽንት ስላለ ነው። እዚህ ሆድሽ ውስጥ ሽንት አለ። ስትሸኚ ዝም ይላል።»

ጉልበቷን አየች። እኔን አየች። ሲስተር ለብ ያለ ውኃ ከጎድጓዳ ሳህን ወደ ሳህን ታንቆረቁራለች። እትዬ ዘነበች ጥግ ላይ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ጉልበቷን አሻለሁ። መጀመሪያ ጠብታ ሰማሁ። ከዚያ ወረደ፤ ማቆሚያ አልነበረውም፤ ሲስተር ሌላ ዕቃ ይዛ ሮጠች። ቤዛ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ጉልበቷ አስጠጋች፤ ቆየችና ቀና አለች።

«ዝም አለ» አለች፣ በጣም እየገረማት።

የአባ ቃል ነው ያላቀቃት? ውኃው ነው? ጉልበቷን ማሸቴ ነው? ወይስ ያለው ነገር ስሙ ሲነገራት ነው? እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ዘነበች ጸበሉ ነው ይላሉ፤ አልከራከራቸውም።

ሽንቷ ተመርምሮ ኢንፌክሽን ስለተገኘበት መድኃኒት ሰጡን፤ እስኪመሽ እዚያው አቆዩን። አመሻሹ ላይ ሲስተር አጠገቤ ተቀመጠች። እንዲህ ያሉ አንዳንድ ልጆች ከውስጥ ሰውነታቸው የሚመጣውን ስሜት እንደ እኛ አያገኙትም አለችኝ። ለአንዱ ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ ለአንዱ በጣም ይበረታበታል፣ ለሌላው ይመጣል ግን ምን እንደሆነ አይለየውም። ርሃቡን ንዴት ይመስለዋል፤ ሕመሙን ሳቅ ያደርገዋል። ነገሩ አልጨበጥ አለኝ።

«እንዴት ሽንትን የሚያህል ነገር አይታወቅም?» አልኳት።

«አንቺ ሲመጣብሽ በምን ታውቂያለሽ?»

አሰብኩ። በምን አውቃለሁ? «እንዲያው... አውቃለሁ» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ከጥግ ሆነው «እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ሲያመልጠኝ ነው የማውቀው!» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። ቤዛም ሳቀች፤ እሷ በምን እንደሳቀች አላውቅም። ፊቷ ግን አብሮ ስቋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ተለውጧል። አመመሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። የት ነው? ምን ያደርጋል? ይጮሃል፣ ይከብዳል፣ ይሞቃል? እያልኩ ነው የምጠይቃት። ሽንት ቤት ከገባች በኋላ ጉልበትሽ ዝም አለ ወይ እላታለሁ። ርሃብ ምን እንደሚመስል ላስረዳት ብዬ ራሴ ሳልበላ ቆይቼ ስሜቱን ስከታተል ዋልኩ፤ ባዶ ነው እንዳልላት ባዶ አይደለም፤ ይነክሳል እንዳልላት ትፈራለች። ጸበልም እንሄዳለን፤ ለእትዬ ቃሌን አልበላሁም። ግን በቅድሚያ ሽንት ቤት ነው፣ ጣሳውንም የምይዘው እኔ ነኝ። አባ ጌታነህ ደግሞ አሁን ልጆቹን ሲመክሩ የሚከለከለውን ብቻ ሳይሆን የሚፈቀደውንም፣ እስከ መቼ እንደሆነም ጨምረው ይናገራሉ። የሰፈሩ ጎረምሶች ከኋላቸው ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ልጃችሁ የማይሆን ቦታ ይዞ የማይሆን ነገር ሲናገር፣ የተናገረውን ጻፉት፤ መጻፍ ባትችሉም በልባችሁ ያዙት። ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር? ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ? እኔ ለዓመታት ጉልበት አሽቻለሁ፤ ልጄ ግን ያላትን ቃል ሁሉ ሰጥታኝ ነበር። ሁሉንም አውቃለሁ ብዬ አይደለም ይህን የምላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አባቷ መጥቶ ሰነበተና በጠዋት ወደ ዓለም ከተማ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ቤዛ ፀጉር የምፈትልበት ቦታ መጣችና «እማ፣ ጆሮዬ ጠበበ» አለችኝ። አዲስ ነው፤ ብላው አታውቅም። ሽንት ቤት ወሰድኳት፤ አልጠፋም። አበላኋት፤ አልጠፋም። ውኃ አጠጣኋት፣ ሹራቧን አወለቅሁላት፣ ጆሮዋን በስልክ መብራት አየሁላት። አሁንም ጠቧል።

«አባትሽ ናፍቆሽ ነው?» አልኳት።

ብዙ አሰበች። «አላውቅም» አለችኝ።

«እኔም አላውቅም።»

እንዝርቱን አስቀምጬ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ፀሐይዋ ከግቢው ልትሸሽ ስትል ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለችና «አለፈ» አለች። ምን እንዳለፈ ሁለታችንም አላወቅንም።